ዱዓ የለመነኝ ድንጋይ



ዛሬ ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁ ሁሉ በአንድ ያዘመመ ግድግዳ አጠገብ አልፋችኋል። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ዕውቀት ፍለጋ ተጉዘው፣ ምግብ ጠይቀው የሚያስተናግዳቸው ባጡበት ከተማ ውስጥ ኸዲር (ዐ.ሰ) ያን ግድግዳ ሲያቀኑ አዩ። ነገሩ ግራ ገባቸው። ከግድግዳው ሥር የሁለት የቲሞች ሀብት መቀበሩን፣ አባታቸውም ደግ ሰው እንደነበረ የሰሙት ኋላ ነው። በዚያ መንገድ ያለፈ ሌላው ሰው ሁሉ ያየው አሮጌ ግድግዳ ብቻ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለትምህርት ወደ ውጭ የምትሄዱ ልጆች ልትሰናበቱኝ ስትመጡ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው። «ኡስታዝ፣ ሙዚየም መግባት እንዴት ነው? ሐውልት አለ፣ የጣዖት ቅርስ አለ፤ ችግር የለውም ወይ?» ሐላልና ሐራሙን ለይቶ ለማወቅ መጠየቅ የልብ ንቃት ነው፤ አላህ ይጨምርላችሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔን የቆጨኝ ከዚህ ሌላ ነገር ነው። ገብቼ ሳላይ የወጣሁበት ቀን ነው የቆጨኝ።

በቅድሚያ ጥያቄውን ባጭሩ ልመልስ። ለማየትና ለመማር መግባት ሌላ፣ ማክበርና ማምለክ ሌላ ነው። ቁርኣን በብዙ ቦታ ምድር ላይ ሂዱና ከናንተ በፊት የነበሩት ፍጻሜያቸው ምን እንደሆነ ተመልከቱ ይለናል፤ ሱረቱ ሩም ቁጥር 9ን፣ ሱረቱል ሐጅ ቁጥር 46ን ክፈቱና አስተንትኑ። በሁለተኛው ላይ የሚታወረው ዓይን ሳይሆን ደረት ውስጥ ያለው ልብ መሆኑ ተነግሯል። ሰሓባዎች ከዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ጋር ግብጽ ሲገቡ ፒራሚዶቹ እዚያው ቆመው ነበር። ትተዋቸው አለፉ።

አንድ ቦታ ግን ለየት ይላል፤ በተለይ መዲና የምትማሩ ስሙኝ። ከመዲና በስተሰሜን፣ ዐል-ዑላ አጠገብ፣ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠሩ ሕንፃዎች አሉ፤ አል-ሒጅር ይባላል፣ የሠሙድ ሕዝቦች አገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ በዚያ አልፈዋል። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ የተቀጡትን ሕዝቦች መኖሪያ እያለቀሱ ካልሆነ በቀር እንዳይገቡ ሰሓባዎቹን አስጠንቅቀው፣ ራሳቸውን ሸፍነው ፈጠን ብለው አለፉ። ከዚያ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ያቦኩትንም ሊጥ ለግመሎች እንዲሰጡት አዘዙ። የተራበ ሠራዊት ነው፣ በበረሃ፣ በሙቀት። ሊጡን ግን አልበሉትም። ዛሬ እዚያ ሄዶ እየሳቀ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወንድም ሳይ ያ ሊጥ ትዝ ይለኛል። እዚያ ለመሄድ ያሰበ አጠገቡ ያሉትን ዑለማዎች አስቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ።

ካይሮ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ባብ አል-ኸልቅ የሚባለው ሰፈር ወዳለው የኢስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ሄድን። የተማሪ መታወቂያ ስለያዝን ዋጋው ቀነሰልን፤ እናንተም መታወቂያችሁን አትርሱ። ውስጡ ያማረ ነው። ከመምሉኮች ዘመን የመጡ የመስታወት የመስጂድ መብራቶች አሉ፤ ከላያቸው ላይ ከሱረቱ ኑር የብርሃኗ አያ ተጽፎባቸዋል። እኔ ምን አደረግሁ? ጀርባዬን ለመብራቱ ሰጥቼ ፊቴን ለስልኬ አዞርኩ። ማታ ማደሪያዬ ገብቼ ሳይ አርባ ያህል ፎቶ አንስቻለሁ፤ በሁሉም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ከመብራቶቹ ወደ ሌላው ክፍል ስንሄድ አንድ ኢንዶኔዥያዊ ጓደኛችን ወደ ኋላ ቀረ። እንቅጠር ብለን ስንጠራው አልሰማንም። ተመልሼ ሳየው አንዲት ትንሽ፣ ጌጥ የሌላት ድንጋይ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን አንስቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሙዚየም ውስጥ! አፈርኩለት፤ ሰው እንዳያየን ዞር ዞር አልኩ። ሲጨርስ ፊቱን በእጁ አበሰና «አንተ አላነበብከውም?» አለኝ።

አላነበብኩትም። በአጠገቡ አልፌ ነበር። ጽሑፉ ነጥብ የሌለው፣ ጥንታዊና የተንጋደደ ነው፤ ባለሙያ የጻፈው አይመስልም። እሱ በጣቱ እየመራ አነበበልኝ። የመቃብር ድንጋይ ነው። ከሥሩ የተቀበረው ዐብዱረሕማን ኢብን ኸይር የሚባል ሰው ሲሆን፣ ቀኑ ጁማደል ኣኺር 31 ዓመተ ሒጅራ ነው፤ እ.ኤ.አ. 652 መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ ሃያ ዓመት ገና ቢያልፍ ነው። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ናቸው። ሰሓባዎች ገና በመንገድ የሚሄዱበት ዘመን ነው። ድንጋዩ ታዲያ ምን ይላል? አላህ እንዲምረውና ወደ እዝነቱ እንዲያስገባው ዱዓ ያደርግለታል። ከዚያ ወደ አንባቢው ይዞራል፤ ይህን ጽሑፍ የምታነብ ሁሉ ምሕረት ለምንለት፣ አሚንም በል ይላል።

ሰውየው ከ1,300 ዓመት በላይ ከዚያ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ አንዲት አሚን ይለምናል። እኔ ደግሞ ነሕውና ሶርፉን ከልጅነቴ ጀምሮ መድረሳ ውስጥ እየተቀጠቀጥኩ የተማርኩ ደረሳ፣ ዐረብኛውን ማንበብ የምችል፣ ልመናውን ሳልሰማ በጓደኛዬ ዱዓ አፈርኩ። ወላሂ፣ ያን ቀን ከሙዚየሙ የወጣሁት ራሴን አቀርቅሬ ነው።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ስልኬን ማደሪያዬ ትቼ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ድንጋይ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ፊደሉን ለመልመድ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ ልማዴ ይህ ነው፤ ሁሉንም ለማዳረስ አልሮጥም። አንድ ወይም ሁለት ነገር እመርጣለሁ፣ ከመሄዴ በፊት ስለሱ አነባለሁ፣ ፊቱ ቆሜ ይህ ነገር ከኔ ምን ይፈልጋል ብዬ እጠይቃለሁ።

ፊርዐውንስ? ትሉኛላችሁ። እሱንም አይቻለሁ፤ ማለትም ፊርዐውኖችን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2021 የ22 ነገሥታትና ንግሥታት አስከሬን በታላቅ ሰልፍ ፉስጣጥ ወደሚገኘው ብሔራዊ የግብጽ ሥልጣኔ ሙዚየም ተዛውሯል። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ዳግማዊ ራምሴስ እዚያ አለ። ስድሳ ስድስት ዓመት ያህል ነግሦ፣ በየተራራውና በየቤተ መቅደሱ ስሙን ያስቀረጸ ሰው፣ ዛሬ ጣቶቹ ደርቀው፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ በቲኬት ይታያል። ሱረቱ ዱኻን ላይ ስንት አትክልት፣ ስንት ምንጭ፣ ስንት ያማረ መኖሪያ ትተው እንደሄዱ፣ ሰማይም ምድርም እንዳላለቀሰላቸው የተነገረውን እዚያ ቆማችሁ በልባችሁ ቅሩት።

ግን አንድ ነገር አደራ። ሱረቱ ዩኑስ ቁጥር 92 ላይ አላህ የፊርዐውንን በድን ለኋለኞች ምልክት እንዲሆን እንደሚያወጣው ተናግሯል፤ አምነናል። ያ ፊርዐውን ከነዚህ አስከሬኖች የትኛው እንደሆነ ግን ቁርኣን ስሙን አልጠራም፣ በሶሒሕ ሐዲስም አልመጣም። ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አስከሬኑ ፓሪስ ተወሰደ፣ ገላው ላይ ጨው ተገኘ፣ ስለዚህ ባሕር የሰጠመው እሱ ነው የሚለውን። እኔም ተማሪ ሳለሁ አሰራጭቼዋለሁ፤ አላህ ይማረኝ። የራምሴስ አስከሬን እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ መወሰዱ እውነት ነው፤ ሻጋታ እያበላሸው ስለነበር ለማከም ነው የተወሰደው። ጨዉስ? የጥንት ግብጻውያን ሬሳ የሚያደርቁት ናትሮን በሚባል ጨው ውስጥ ከትተው ነው። ጨው ያልነካው የንጉሥ አስከሬን ከየት ይመጣል? የማናውቀውን እንዳንከተል በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 36 ተነግሮናል። የአላህ ቃል በኛ ማጋነን የሚደገፍ ምሰሶ አይፈልግም። ነገ አንድ የታሪክ ተማሪ ማስረጃውን ሲንድብህ፣ አንተ ያፈረሰብህ ወሬህን ሆኖ ሳለ፣ አጠገብህ ያለው ወጣት አያው የፈረሰ ይመስለዋል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ስትወጡ የዐምር ኢብኑል ዓስ መስጂድ ሩቅ አይደለም፤ በ21 ዓመተ ሒጅራ የተሠራ፣ የግብጽ የመጀመሪያው መስጂድ። ሕንፃው በየዘመኑ ስለታደሰ ከመጀመሪያው ግንብ የቀረ የለም። ዛሬም ግን ይሰገድበታል። ዙህርን እዚያ ስገዱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከአዝሀር ጀርባ ኪታብ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሻጭ መልኬን አይተው «አንተ ጀበርቲ ነህ?» አሉኝ። «አይ፣ የወሎ ልጅ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ጀበርቲ ስባል አገር ቤት በዚህ ስም የሚጠሩትን ወገኖቻችንን ነው ያሰብኩት። እሳቸው ግን በጥንቱ የግብጽ አጠራር ከሐበሻና ከዘይላ ምድር የመጣን ሙስሊም ሁሉ ማለታቸው ነው። «ታዲያ የቤት ልጅ ነሃ! ሪዋቃችሁን አይተኸዋል?» አሉኝ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

ሪዋቅ ማለት በአዝሀር መስጂድ ውስጥ ለየአገሩ ተማሪ የተለየ ማደሪያና መማሪያ የነበረ ቦታ ነው። የመግሪቦች አለ፣ የሻሞች አለ፣ የቱርኮች አለ። የጀበርቶችም ነበረ፤ የራሱ ሸኽ ያለው። ደረሳው ከወቅፍ በሚመጣ ዳቦ እየኖረ ይቀራ ነበር። በበረሃና በባሕር ተጉዞ፣ አንዳንዱ ተመልሶ አገሩን ሳያይ። እኔ በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ገብቼ ሻንጣዬ ዘገየ ብዬ ያማረርኩ ሰው፣ በዚያ ግቢ በየቀኑ እየሰገድኩ ስለነሱ አንድ ቃል አልሰማሁም ነበር። ሱረቱ ሷፍፋት ላይ ጠዋትና ማታ በአጠገባቸው ታልፋላችሁ፣ አታስተውሉምን የሚል ተግሣጽ አለ። ስለ ሉጥ ሕዝቦች የመጣ ነው፤ እኔን ግን ያን ቀን አገኘኝ።

የዚያ ሪዋቅ ሸኽነት ለረጅም ዘመን በአንድ ቤተሰብ እጅ ነበረ። ከዚያ ቤት የተወለደው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825) የግብጽ ትልቁ የታሪክ ጸሐፊ ሆነ፤ አባቱ ሸኽ ሐሰን የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ነበሩ። አውሮፓ የምትማሩ ልጆች ይህን ሰው እወቁት። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብጽን ሲወርር እሱ ካይሮ ነበረ። ፈረንሳዮቹ ሊቃውንቶቻቸውን አምጥተው ቤተ መጻሕፍትና የምርምር ቤት ከፍተው ነበርና ሄዶ ጎበኘው። መጽሐፉን፣ የእንስሳውን ሥዕል፣ የከዋክብት መሣሪያውን አየ። ጥቂት ነጭ ዱቄት በመዶሻ መታ አድርገው በድንገት ሲያፈነዱበት ከነጓደኞቹ ደነገጠ፣ ፈረንሳዮቹም ሳቁባቸው። ይህን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ጻፈው፤ መደንገጡንም፣ ያልገባው መኖሩንም ሳይደብቅ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የዚያው አገር ወታደሮች ፈረሳቸውን አዝሀር ውስጥ አስገብተው ኪታቦችን ረገጡ። እሱንም ጻፈው። ዕውቀታቸውን ስላየ ግፋቸውን አላለዘበም፤ ግፋቸውን ስላየም ዕውቀታቸውን አልካደም። እንዲያውም ናፖሊዮን ለግብጻውያን ያወጣውን የመጀመሪያ አዋጅ ይዘቱን ብቻ ሳይሆን የዐረብኛ ሰዋስውን ሳይቀር ነቅሶ ነቅሶ ተችቶታል። (ነሕው ምን ይጠቅማል ለምትሉኝ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።) ለንደንም ሆነ ፓሪስ ሙዚየም ስትገቡ በሁለቱም ዓይን ግቡ። የተሠራበትን ጥበብ አድንቁ፤ ከዚያ ከየት መጣ፣ በማን እጅ፣ በምን መንገድ ብላችሁ ጠይቁ።

ሮዳ ደሴት ላይ ያለውን የዓባይ መለኪያ ሳላነሳ ባልፍ አዝናለሁ። እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ነው። ደረጃውን ወደ ታች ስትወርዱ መሐሉ ላይ በክንድ የተለካ ዕብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፣ ዙሪያው ላይ ስለ ዝናብና ስለ አዝርዕት የሚናገሩ አያዎች ተቀርጸዋል። አሥራ ስድስት ክንድ ሲሞላ አገሩ ይጠግብ፣ ግብሩም በዚያ ይቆረጥ ነበር። የሚሞላው ታዲያ የማን ዝናብ ነበር? ወሎ ላይ የዘነበው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ልጅ ሆኜ በክረምት ደፍርሶ ሲሄድ ያየሁት ውሃ ነው። ስለ ውሃው ፖለቲካ ዛሬ አልገባም። ዓምዱን እያየሁ ግን የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ።

አያቴ ሸኽ ነበሩ። የቤቱ ምሰሶ ላይ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለ፣ በእጅ የተጻፈ ትልቅ ኪታብ ነበራቸው። ምስጥ እንዳይበላው ጭሱ በሚደርስበት ይሰቅሉታል። ካይሮ ውስጥ ከዚያ የማይበልጥ ኪታብ በመስታወት ውስጥ፣ በመብራት፣ በጠባቂ ሲጠበቅ አይቼ ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «እማ፣ የሸኽ ኪታብ የት ነው ያለው?»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ አያትህ ከሞቱ በኋላ አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር። ጣራው ያፈስ ነበር። ለቆርቆሮ ሰጠነው» አለችኝ።

ምን እላታለሁ? እኔ የተኛሁት በዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። ያደግሁትም፣ ለዩኒቨርሲቲ ያጠናሁትም እዚያው ነው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ምን እንደያዘች የነገራት ሰው የለም። ልነግራት የምችለው እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አውርጄ ገልጬው አላውቅም።

ለዕረፍት ስመለስ ከሣጥኗ አንድ የጨርቅ ጥቅልል አወጣች። ልጆች ሆነን የገነጣጠልናቸው ዘጠኝ ቅጠሎች ናቸው፤ ገዢው የተቀደደ አልፈልግም ብሎ ጥሏቸዋል። ዘጠነኛዋ የመጨረሻዋ ገጽ ነበረች። ጻፊው ራሱን የአላህን እዝነት የሚከጅል ደካማ ባሪያ ብሎ ጠርቷል። ስሙ ያለበትን ቦታ ውሃ ነክቶት አይነበብም። ከሥሩ ያለው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።

«ምን ይላል?» አለችኝ እናቴ።

«ይህን ያነበበ ሁሉ ለኔም ለወላጆቼም ዱዓ ያድርግልኝ ይላል» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እጇን አነሳች።